የትኩረት ማነስ ችግር በደብረ ታቦር፦ ትክክለኛ ምርመራና ሕክምና ከየት ይጀምራል?

የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር፣ ባለሙያዎች ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘና በልጅነት የሚጀምር የጤና እክል ሲሆን፣ የጀመሩትን ለመጨረስ በመቸገር፣ ረግቶ መቀመጥ ባለመቻልና ሳያስቡ በመናገር ወይም በማድረግ ይገለጣል። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች እንዲህ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ «ቀዥቃዣ» ወይም «ዝንጉ» እየተባለ ይገረፋል፤ ሳትረብሽ በሐሳብ ጭልጥ የምትል ልጃገረድ ደግሞ ሰነፍ ተብላ ትታለፋለች። ይሁን እንጂ ችግሩ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ ያለው እንጂ ከስንፍናም ሆነ ከወላጅ ቸልተኝነት የሚመነጭ አይደለም። በዓለም ደረጃ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ እንዳለባቸው የሚገመት ሲሆን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኘው የጊርጃ ወረዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ቁጥሩ 7.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ችግር የሚለይ የደም ምርመራም ሆነ የራጅ ምስል የለም፤ ምርመራው የሚመሠረተው ልጁን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች በሚሰጡት ምስክርነት ላይ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ በአንድ ልጅ ላይ ቢያንስ ስድስት የትኩረት ማነስ ወይም ስድስት የመቅበጥበጥ ምልክቶች ለስድስት ወር ያህል መታየት፣ ከነዚህም አንዳንዶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር፣ እንዲሁም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መከሰትና ኑሮውን ማወክ አለባቸው። የፋርጣ ወረዳ ልጅ ከሰሌዳ የሚገለብጠውን ዓረፍተ ነገር እያጋመሰ የሚተወው በክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ መንሥኤው የዓይን ድካም ወይም የክፍሉ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል፤ ያው ልጅ ከብት ሲጠብቅም መንጋውን በየጊዜው ገብስ ውስጥ የሚያስገባ፣ ሲላክም የተላከበትን መንገድ ላይ የሚረሳ ከሆነ ግን ነገሩ በጥሞና ሊጤን ይገባዋል።

ስለዚህ ሐኪሙ ስያሜውን ከመስጠቱ በፊት የልጁን የማየትና የመስማት ችሎታ ማረጋገጥ፣ የደም ማነስን፣ የእንቅልፍ እጦትንና ረኃብን መመርመር፣ እንዲሁም ልጁን ለአፍታ አፍዝዞ የሚለቀውን የሚጥል በሽታ ዓይነት መለየት ይኖርበታል። በዚህ አካባቢ የጦርነት ጠባሳም አብሮ መታየት አለበት፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አዳርሶ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ስትመታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ልጆች ለድንጋጤና ለሥጋት ተጋልጠዋል። ድንጋጤ የጎዳው ልጅም አይረጋም፤ ትምህርቱንም ልብ አይልም፤ ነገር ግን የእርሱ ለውጥ የሚጀምረው ከደረሰበት ነገር በኋላ ሲሆን፣ ቅዠትና በትንሽ ድምፅ መበርገግም ያጅቡታል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ መመለስ የምትችለው እናት ናት።

ቤተሰብ በቅርቡ ከሚገኘው ጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወደ ደብረ ታቦር አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ጉዳዩ ከከበደም ወደ ባሕር ዳሩ ጥበበ ግዮን ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። ወላጅ የልጁን ደብተሮች፣ ከመምህሩ የተጻፈ አጭር ማስታወሻና ባሕርዩ የጀመረበትን ጊዜ ይዞ ቢቀርብ የምርመራውን ግማሽ መንገድ አቃለለ ማለት ነው። ጠበል የሚጠመቅ ልጅም ሕክምናውን ጎን ለጎን ሊከታተል ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስተውም።

ለሕክምናው በዓለም በሰፊው የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት የተባለው መድኃኒት፣ ትኩረትን የሚያግዙ የአንጎል ንጥረ ነገሮችን ሥራ የሚያጎለብት ሲሆን፣ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ሊቀንስ ስለሚችል የልጁ ክብደት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት እየታየ በሠለጠነ ሐኪም ክትትል ብቻ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019ና በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንዲካተት የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም፤ በኢትዮጵያም መድኃኒቱ በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም የመድኃኒቱ እጥረት ሕክምናው እንዲዘገይ ምክንያት መሆን የለበትም፤ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቀዳሚው ሕክምና የወላጆች ሥልጠና ነው፤ ለታላላቆቹም ቢሆን ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፣ መልካም ሥራን ወዲያው ማመስገን፣ በትምህርት ቤትም ልጁን ከፊት ወንበር ማስቀመጥና ሥራውን በአጫጭር ክፍል መስጠት የሕክምናው ዋና ዋና ነገሮች ናቸው። በአካባቢው የአብነት ትምህርት ቤቶች የኔታ ተማሪዎቹን በየተራ አቅርበው ጥቂት ጥቂቱን እያስቀጸሉ ስሕተቱን እዚያው ሲያርሙ የኖሩ በመሆናቸው፣ ይህ አካሄድ ለደጋው ሕዝብ እንግዳ አይሆንም።

የሚቀረው የተቋማት ድርሻ ነው። ሆስፒታሎች ለሕፃናት የአእምሮ ጤና የተወሰነ ቀንና የሠለጠነ ባለሙያ ሊመድቡ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም መምህራን ምልክቶቹን ለይተው ልጁን ወደ ጤና ተቋም እንዲመሩ ሊያሠለጥኑ ይገባል፤ ምክንያቱም በጊዜ ያልተለየ ልጅ ትምህርቱን የማቋረጥ፣ ለአደጋ የመጋለጥና ራሱን የመናቅ ዕዳ ይዞ ስለሚያድግ፣ በግርፊያ የባከነው እያንዳንዱ ዓመት የእርሱ ኪሳራ ይሆናል።