ገቺ ሕዋሳት የማንን ድምፅ ይሰማሉ?

በጉባኤ መድረክ ላይ በጨረፍታ ታልፎ በቡና ሰዓት በሹክሹክታ የሚነሳ ጉዳይ ልንገራችሁ። "ይህ ሕዋስ መልእክት የሚደርሰው ከዚህና ከዚያ ነው" እያሉ በቀለም ተንቆጥቁጠው የሚቀርቡልን ብዙዎቹ የአንጎል ካርታዎች የተሠሩት በእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም፤ አንዳንዴም ያልሆነውን ይናገራል።

በአንጎል ቅርፊት ውስጥ ሌሎችን ዝም የሚያሰኙ ገቺ ሕዋሳት አሉ። በአይጥ ላይ ከነርቭ ሕዋሳቱ ሁሉ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሆናሉ። በሚያመርቱት ሞለኪውል ፓርቫልቡሚን፣ ሶማቶስታቲንና ቪአይፒ እየተባሉ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሳልክ ኢንስቲትዩት እነ ዊከርሻምና ካላዌይ ቫይረሱን ገሩት፦ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚያሻግረውን ፕሮቲን ዘረ መል አወጡበት፤ ፕሮቲኑን ለመረጡት ሕዋስ ብቻ ሰጡ። ቫይረሱ በሲናፕሱ በኩል ወደ ላኪው ሕዋስ አንድ እርምጃ ተራምዶ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይኸው ዘዴ በአይጥ የዳሰሳ ቅርፊት ላይ ተሞክሮ ሦስቱም ዓይነቶች በአመዛኙ ከተመሳሳይ ቦታዎች፣ ከታላመስም ከሌላው ቅርፊትም፣ መልእክት እንደሚቀበሉ ታየ። ልዩነቱ በመጠኑና መልእክቱ በሚነሣበት የቅርፊት ንብርብር ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው ለቪአይፒ ይበዛል፣ ለሶማቶስታቲን ያንሳል።

አሁን ወደ ሹክሹክታው። የተገራው ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ የሚገባበት፣ ለተመረጠው ሕዋስ ብቻ የሚሰጠው ቲቪኤ የተባለ ተቀባይ እጅግ ጥቂት እንኳ ያለ ቦታው ቢያፈተልክ፣ በአጉሊ መነጽር የማይታይ ያህል ቢሆንም፣ ቫይረሱ በዚያ ይገባል። ያን ጊዜ በመርፌው አካባቢ የሚያበሩት ሕዋሳት መልእክት ላኪዎች ላይሆኑ ይችላሉ። የሩቁ ካርታ በዚህ አይበላሽም፤ የቅርቡ ግን ይበላሻል። ለዚህ ሲባል ደካማ የቲቪኤ ዝርያ ተሠርቷል፤ ሁሉም ግን አይጠቀምበትም።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ካርታው የላኪዎችን ብዛት ይቆጥራል እንጂ የድምፃቸውን ጉልበት አይለካም። በኤሌክትሮድ የሚያዳምጡ ባለሙያዎች ግን ፍጹም የተለየ ነገር ይሰማሉ። ከታላመስ የሚመጣው ምልክት ፓርቫልቡሚንን ገና በመጀመሪያው ምት አጥብቆ ይመታዋል፣ ሲደጋገም ይደክማል። በሶማቶስታቲን ላይ የጎረቤት አነቃቂ (ፒራሚዳል) ሕዋስ የመጀመሪያ ምት እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ሲደጋገም ግን እየበረታ ይሄዳል። ያው ፒራሚዳል ሕዋስ ለፓርቫልቡሚን ሲናገር ግን እንደ ታላመሱ እየደከመ ይሄዳል፦ አንዱ ላኪ ለሁለቱ በሁለት ዓይነት ጠባይ ይናገራል! እ.ኤ.አ. በ2012 በሂፖካምፐስ እንደታየው ለዚህ አንዱ ምክንያት ኤልፍን1 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ የሚገኘውም በተቀባዩ በኩል ነው። ላኪው እንዴት እንደሚናገር የሚወስነው ሰሚው መሆኑ በዚህ ዘርፍ ካየሁት ሁሉ እጅግ ያስደንቀኛል። ቫይረሱ ከዚህ አንዱንም አያይም።

እናም እንዲህ ያለ ካርታ ሲቀርብላችሁ፣ አሻጋሪው ፕሮቲን ያልተሰጠው አይጥ ምስል አብሮ መኖሩን ፈልጉ፤ በዚያ አይጥ ቫይረሱ አይሻገርምና ያፈተለከው ይታያል። ከሌለ ስለ ቅርብ ጎረቤቶች የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ስለ ጉልበት ደግሞ ኤሌክትሮድ የያዙትን ጠይቁ።