ኬዙን ለተማሪ የሰጡት ፕሮፌሰር

አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት የጠየቁ ሐበሾች ስለ ኬዝ፣ ማለትም ስለ ጥገኝነት ጉዳያቸው፣ ማውራት ከጀመሩ አንድ ጥያቄ አትቀርም፦ «ዳኛህ ማነው?» በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የኢሚግሬሽን ዳኞች ጠባይ እየተለየ ይወራል። አንዱ ቶሎ ያምናል ይባላል፤ ሌላው ምንም ማስረጃ ቢቀርብለት ልቡ አይራራም። ጥሩ ዳኛ የደረሰው ተመስገን ይላል፤ ጨካኙ የደረሰው ደግሞ ቀጠሮው ሳይደርስ ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ወሬ ተራ የቡና ወሬ እንዳልሆነ ከመቶ ሺህ በላይ ውሳኔዎችን ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረው ያረጋገጡ አንድ የሕግ መምህር አሉ። ስማቸው ፊሊፕ ሽራግ ነው፤ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው። የሕግ ትምህርት ቤቱ የሚገኘው ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከካፒቶሉ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው።

ሽራግ ወደ ጥገኝነት ሕግ የመጡት ብዙ ዞረው ነው። በ1967 ከዬል የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ሥራ የጀመሩት ለጥቁር አሜሪካውያን መብት በፍርድ ቤት ሲሟገት በኖረው በኤንኤኤሲፒ የሕግ መከላከያ ፈንድ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያም በነጋዴ የተታለሉ ድሆችን ጉዳይ ይዘው ነበር። በ1970 የኒው ዮርክ ከተማ የመጀመሪያው የሸማቾች ተሟጋች ሆነው ተሾሙ። ከዚያ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን ደግሞ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ምክትል ዋና የሕግ አማካሪ ነበሩ። ጆርጅታውን የገቡት በ1981 ነው። እዚያ የመሩት የተግባር ሕግ ማእከል መጀመሪያ የሚይዘው ሌሎች ጉዳዮችን ነበር። ወደ ጥገኝነት ጠያቂዎች የዞረው በ1990ዎቹ ውስጥ ነው።

የሽራግን ሥራ ለመረዳት አሜሪካ ውስጥ ሕግ እንዴት እንደሚማሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የሃርቫርዱ ዲን ክሪስቶፈር ላንግዴል ባስለመዱት መንገድ ተማሪው የይግባኝ ፍርዶችን ያነባል፤ መምህሩም ክፍል ውስጥ በጥያቄ ያፋጥጠዋል። በዚህ መንገድ ሦስት ዓመት ተምሮ አንድም ባለጉዳይ ፊት ለፊት ሳያይ የሚመረቅ ሞልቶ ነበር። በ1933 ጀሮም ፍራንክ የተባሉ የሕግ ሰው፣ የሕክምና ተማሪ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ እንደሚማረው የሕግ ተማሪም በእውነተኛ ባለጉዳይ ይማር ብለው ጻፉ። ሐሳባቸው ሥር የሰደደው ግን ከ1968 ወዲህ፣ የፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ ሲደግፈው ነው። ሽራግም ከባልደረባቸው ከማይክል ሜልትስነር ጋር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን የመማሪያ ቦታ፣ ማለትም የሕግ ክሊኒክ፣ ከመሩት ከቀደሙት መምህራን አንዱ ናቸው።

ጥገኝነት ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተመቸበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱ ግን የሚያሳዝን ነው። አሜሪካ ውስጥ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። «አገሬ ብመለስ ይገድሉኛል» የሚል ስደተኛ ግን ጠበቃ የማቆም መብት ቢኖረውም ሕጉ ወጪው በመንግሥት እንደማይሸፈን በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው የተማረ የመንግሥት ጠበቃ ፊት ብቻውን ይቆማል። በሌላ በኩል ደንቡ የሕግ ተማሪ ያለ ክፍያ፣ በኃላፊ ክትትል ሥር ሆኖ፣ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት እንዲሟገት ይፈቅዳል። የጆርጅታውኑ ማእከል፣ ማለትም ክሊኒኩ፣ የቆመው በዚህች ክፍተት ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ባለጉዳይ ይሰጣቸዋል፤ የአንድ ሴሚስተር ዋና ሥራቸውም እሱ ይሆናል። ባለጉዳዩን ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት፣ ማስረጃ የሚያሰባስቡት፣ የሕግ ክርክሩን የሚጽፉት፣ በመጨረሻም ዳኛው ፊት ቆመው ምስክር የሚያሰሙት እነሱ ናቸው። መምህሩ ኬዙን አይነጥቃቸውም። ተማሪው «ይህን ምስክር ልጥራ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ብትጠራው ምን ታገኛለህ? ባትጠራውስ ምን ታጣለህ? ሽራግ በ1996 ስለ ክሊኒክ አመሠራረት በጻፉት ጽሑፍ ከዘረዘሯቸው የትምህርት ግቦች መካከል ኃላፊነት መሸከም፣ ከሌላ ባህል ሰው ጋር መሥራት፣ ስሜትን ማወቅ እና ከፍሬ ነገር ጋር መታገል ይገኙበታል። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። በመጽሐፍ ላይ ፍሬ ነገሩ ተጣርቶ ያለቀለት ነው፤ በሕይወት ግን የተደበላለቀ፣ የተረሳ፣ ሲያወሩት የሚያም ነው።

ባለጉዳዩ ኢትዮጵያዊ ሲሆን ትግሉ ከቀን መቁጠሪያ ሊጀምር ይችላል። አንድ ሰው በአገሩ አቆጣጠር «ኅዳር 5 ቀን 1998 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጥተው ወሰዱኝ» ይላል እንበል። በፈረንጆቹ ዓመቱ 2005፣ ወሩ ኖቬምበር፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ 2 ነው። ቀኑስ? የፈረንጅ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለወጥ፣ ተናጋሪው የኅዳር 5ን ሌሊት በምን እንደሚቆጥር ካልተጠየቀ 14 ይሁን 15 አይታወቅም። ማመልከቻውን የሞላው ጓደኛ አንዱን ጽፎ፣ የቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ ሌላውን ቢናገር መዝገቡ ላይ ሁለት የማይገጥሙ ቃሎች ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ ባልና ሚስት፣ የወንድማማች ልጆች የተለያየ የመጨረሻ ስም ይዘው ይቀርባሉ። በ2005 የወጣው ሕግ ደግሞ ዳኛው ከጉዳዩ ዋና ነጥብ ጋር በማይገናኝ አለመጣጣም ሳይቀር ባለጉዳዩን አላምንህም እንዲል በር ከፍቷል። እውነተኛ በደል የደረሰበት ሰው በአንዲት ቀን ልዩነት ውሸታም ሊባል ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ የሁለቱ ተማሪዎች ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ላይ ነው። ባለጉዳዩን ደጋግመው ያገኙታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የተገረፈ ሰው ታሪኩን በቅደም ተከተል አይናገርም፤ የተደፈረች ሴት በመጀመሪያው ቀን አትናገርም፤ አንዳንዴም ጨርሶ አትናገርም። ጠባሳ ካለ ሐኪም አይቶ ይጽፋል፤ አእምሮ ከተጎዳ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይመረምራል። ከአገር ቤት ደብዳቤ ይመጣል፤ ስለ አገሩ የሚያውቅ ምሁር ቃሉን እንዲሰጥ ይለመናል። ከችሎቱ በፊትም መምህራኑ ባሉበት የልምምድ ችሎት ይካሄዳል፤ ባለጉዳዩ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል። አንድ በግሉ የሚሠራ ጠበቃ ብዙ ኬዝ ይዞ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ላውጣ ቢል ቢሮው ይዘጋል። ተማሪ ግን ጊዜ አለው።

ሽራግ በክሊኒኩ ግድግዳ ውስጥ ብቻ አልቀሩም። በ1996 ኮንግረስ የኢሚግሬሽን ሕጉን ሲያጠብቅ፣ ጥገኝነት ማመልከት የሚፈልግ ሰው አገር በገባ በ30 ቀን ውስጥ ካላመለከተ በሩ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሽራግ ይህን ለመከላከል ከመብት ተሟጋቾች ጋር ተሰለፉ፤ የትግሉንም ታሪክ በኋላ በመጽሐፍ ጻፉት። ያገኙት ግማሽ ድል ነው። ዛሬ ማንኛውም አዲስ ገቢ ሐበሻ «ዓመት ሳይሞላህ አስገባ» ተብሎ የሚመከርባት የአንድ ዓመት ገደብ፣ ከነጥቂት ልዩ ሁኔታዎቿ፣ ከዚያ ውጊያ የተረፈችው ናት። ገደቡ ባይኖር ይሻል ነበር፤ 30 ቀን ሆኖ ቢጸድቅ ግን፣ ገና የሚያርፍበትን ቤት የሚፈልግ፣ ቋንቋ የማያውቅ ሰው ማን ይደርስበት ነበር?

ሽራግ በ2007 ከሕግ ምሁራኑ ከጃያ ራምጂ-ኖጋሌስ እና ከአንድሩ ሾንሆልትዝ ጋር በስታንፎርድ የሕግ መጽሔት ያወጡት ጥናት ስሙ ራሱ ጥገኝነትን ከቁማር ጋር ያያይዘዋል። ማያሚ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ከሚያስችሉ ዳኞች መካከል አንዱ ለኮሎምቢያውያን ከመቶ 5 ሲፈቅድ፣ ሌላው ከመቶ 88 ፈቅዷል። ሴት ዳኞች ከወንዶቹ በ44 ከመቶ የበለጠ ጥገኝነት ሰጥተዋል። ጠበቃ ካላቸው ጠያቂዎች 45.6 ከመቶ ሲሳካላቸው፣ ከሌላቸው ግን የተሳካላቸው 16.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከ2000 እስከ 2004 ድረስ የጆርጅታውን ክሊኒክ በፍርድ ቤት ከያዛቸው ጉዳዮች የተሳኩት 89 ከመቶ ደርሰዋል። ክሊኒክ ጉዳዩን መርጦ ስለሚወስድ ልዩነቱ ሁሉ የተማሪ ትጋት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ጉዳዩ በቂ ጊዜ ያገኘ ሰው ምን ያህል ዕድል እንዳለው ያሳያል።

የተሸነፉበትም አለ፤ ሽራግ በዝርዝር የጻፉት ደግሞ እሱን ነው። ዴቪድ ንጋሩሪ ኬንዪ ኬንያ ውስጥ የሻይ ገበሬ ነበሩ። ገበሬዎችን አስተባብረው ሰላማዊ ተቃውሞ በመምራታቸው ታስረው ተሠቃይተዋል። በሰላም ጓድ አሜሪካውያን እርዳታ ለትምህርት አሜሪካ ገቡ፤ ኋላም ጥገኝነት ሲጠይቁ ሁለት የጆርጅታውን ተማሪዎች ቆሙላቸው። በመሐል ግን ወንድማቸውን ለማዳን ኬንያ ደርሰው ተመልሰው ነበር። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ይህን ይዞ ከለከላቸው፤ የይግባኝ ቦርዱና የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን አጸኑት። ኬንዪ አሜሪካን ለቀው ለመውጣት ተገደዱ፤ የተመለሱት አሜሪካዊት ባለቤታቸው ባስጀመሩት ሌላ ረጅም መንገድ ነው። ኬንዪና ሽራግ ተቀምጠው ይህን ሁሉ፣ የፍርድ ቤቱን ሂደት ከነስህተቱ፣ በአንድ መጽሐፍ ጻፉት። በ2008 ሲታተም ሽፋኑ ላይ የባለጉዳዩ ስም ቀድሞ፣ የፕሮፌሰሩ ተከትሎ ወጣ።