የሬንጅ ጢስና የመንገድ ሠሪው ጤና

ዝፍት ለሰው ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኖኅ መርከብ ውኃ እንዳያስገባ የተለቀለቀችው፣ የባቢሎን ግንበኞች ጡባቸውን ያያያዙት፣ ሕፃኑ ሙሴም በወንዝ ዳር የተቀመጠባት የደንገል ሣጥን የተመረገችው በዚሁ ጥቁር ነገር ወይም በዘመዱ መሆኑን ኦሪት ይመሰክራል። ያ ጥንታዊ ዝፍት ከምድር በራሱ የሚመነጭ ነበር፤ ዛሬ መንገዶችን የሚያለብሰው ሬንጅ ግን ድፍድፍ ነዳጅ በማጣሪያ ውስጥ ገብቶ ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙና ናፍጣው ከተለዩለት በኋላ ከታች የሚቀረው አተላ ነው። ይህ አተላ በቀዘቀዘ ጊዜ ማንንም የማይነካ፣ በጋለ ጊዜ ግን የሚጤስና የሚያቃጥል ባሕርይ ስላለው፣ ከእርሱ ጋር የሚውለው ሠራተኛ የጤናው ጉዳይ የሕክምና ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ሲያመራምር ኖሯል።

ለመንገድ የሚነጠፈው ድብልቅ በክብደት ከመቶ 95 ያህሉ ጠጠርና አሸዋ ሲሆን ሬንጁ ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ይህ ጥቂት ሬንጅ ጠጠሩን ሁሉ ዞሮ እንዲለብሰው ድብልቁ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ ይግላል። ለጣራ መሸፈኛ የሚቀልጠው፣ አየር እየተነፋበት የጠነከረው የሬንጅ ዓይነት ከ200 ዲግሪ ያልፋል፤ በአውሮፓ ለወለልና ለድልድይ የሚፈሰው ማስቲክ አስፋልት የሚባለው ደግሞ እስከ 250 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ግለት ቀለል ያሉት የሬንጁ ክፍሎች ተንነው ይወጣሉ፤ ቀዝቃዛ አየር ባገኛቸውም ጊዜ ከፊሎቹ ረቂቅ ጠብታ ሆነው ዓይን የሚያየውን ሰማያዊ ጢስ ሲሠሩ፣ ከፊሎቹ ሳይታዩ ከአየሩ ጋር ተዋሕደው ወደ ሳንባ ይገባሉ። በሙያው የታወቀው ግምት ግለቱ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የጢሱ መጠን በእጥፍ ያድጋል የሚል ስለሆነ፣ የዚህ ሥራ የጤና ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ የቴርሞሜትር ጥያቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግለቱ አንድ ቢሆንም የቆሙበት ቦታ የሰውን ዕጣ ይለያል። ገልባጭ መኪናው ድብልቁን ሲዘረግፍ የሚነሣውን ጢስ በቅርብ የሚቀበሉት የአንጣፊው መኪና ነጂ፣ ከኋላው ቆሞ የንጣፉን ውፍረት የሚያስተካክለው ባልደረባውና ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በእጁ የሚያቃናው የጉልበት ሠራተኛ ናቸው፤ የሮለሩ ነጂ ንጣፉ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ስለሚከተል በአብዛኛው ይሻለዋል። ነፋስ ባለበት ሜዳ የሚሠራው ሰው የሚስበው ጢስ በዋሻ ውስጥ ወይም በምድር ቤት ከሚሠራው ጋር አይነጻጸርም።

ጢሱ ፈጥኖ የሚያሳየው ምልክት የታወቀ ነው፦ የዓይን መቆጥቆጥ፣ የጉሮሮ መከርከር፣ ሳል፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም። ቆዳም ይቆጣል፤ ጢሱ በቆዳም በኩል ወደ ሰውነት ስለሚዘልቅ፣ አፍንጫውን የሸፈነ ሠራተኛ ክንዱንና አንገቱን ገልጦ ሲሠራ ግማሽ በሩን ዘግቶ ግማሹን ክፍት እንደተወ ሰው ነው። በየመንገድ ሥራው የሚታየው፣ በእጅ ላይ የደረቀን ሬንጅ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የማጠብ ልማድ ደግሞ ቆዳውን አድርቆና ሰንጥቆ ለባሰ ነገር ያጋልጠዋል።

ስለ ነቀርሳ የሚነሣው ነገር ረጅም ታሪክ አለው። በ1775 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በልጅነታቸው የጢስ ማውጫ በጠረጉ ሰዎች ላይ የሚወጣውን የቆለጥ ከረጢት ነቀርሳ ከጥላሸት ጋር አያይዞ ጻፈ፤ በ1915 ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት የጥንቸሎችን ጆሮ በድንጋይ ከሰል ቅጥራን ለወራት እየቀቡ ነቀርሳ አስነሡ፤ በ1933 ደግሞ በለንደን የነበሩ ተመራማሪዎች ቤንዞፓይሪን የተባለውን ነቀርሳ አስነሺ ውሁድ ከዚሁ ቅጥራን ለይተው አወጡ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ ጥላሸትና ስለ ድንጋይ ከሰል ቅጥራን እንጂ ከድፍድፍ ነዳጅ ስለሚገኘው ሬንጅ አይደለም፤ ቅጥራንና ሬንጅ በመልክና በጥቁረት ቢመሳሰሉም የዚህ ዓይነት ውሁዶች በሬንጅ ውስጥ የሚገኙት እጅግ ባነሰ መጠን ነው። በአውሮፓ ቀድሞ ቅጥራን ከሬንጅ ጋር እየተቀላቀለ ይነጠፍ ስለነበር፣ ያረጀው መንገድ ተፍቆ እንደገና በሚሞቅበት ጊዜ የጥንቱ አደጋ ተመልሶ ይወጣል።

ሬንጁን ለብቻው ለመመርመር የተደረገው ትልቁ ጥናት በ2003 የታተመው ሲሆን፣ እስራኤልን ጨምሮ በስምንት አገሮች በመንገድ ንጣፍ፣ በድብልቅ ዝግጅትና በጣራ ሥራ የተሰማሩ 29,820 ወንዶችን ተከታትሏል። በሳንባ ነቀርሳ የሞቱት ከሚጠበቀው በመጠኑ በልጠው ተገኙ፤ ይሁን እንጂ በ2010 የወጣው ተከታይ ምርመራ የእያንዳንዱን ሰው የትምባሆ ልማድ አስልቶ ባየ ጊዜ ከጢሱ ጋር ጽኑ የሆነ ዝምድና አላገኘም። መቀመጫው ሊዮን የሆነው ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት በ2011 ነገሩን አመዛዝኖ፣ በአየር በተነፋ ሬንጅ የሚሠራውን የጣራ ሥራ ነቀርሳ ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት፣ የመንገድ ንጣፉንና የማስቲኩን ሥራ ደግሞ ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት መደባቸው፤ የድንጋይ ከሰል ቅጥራን ግን ያለ ጥርጥር ነቀርሳ አምጪ ከሆኑት ወገን ነው። ከሁሉ ይበልጥ የጋለው ማስቲክ ዝቅ ባለው መደብ መቅረቱ የሚያሳየው ማስረጃው ምን ያህል የሳሳ እንደሆነ እንጂ ሥራው ደኅና መሆኑን አይደለም።

ይህ ክርክር የብዙዎችን ጆሮ በመያዙ፣ በእኔ አስተያየት፣ ምንም ጥርጥር የሌለባቸው ጉዳቶች የሚገባቸውን ቦታ ሳያገኙ ቀርተዋል። ትኩስ ሬንጅ በተጠራቀመበት ታንከር ክዳን ሥር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው መርዛም አየር ይታጎራል፤ መጠኑ በበዛ ጊዜ የማሽተትን ህዋስ ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው ጠፋ ብሎ ጎንበስ ያለው ሰው በዚያው ሊቀር ይችላል። በጋለ ሬንጅ ውስጥ የገባ ጥቂት ውኃ ወዲያው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሬንጁን አረፋ አድርጎ ወደ ውጭ ይገነፍለዋል። ቆዳ ላይ የፈሰሰ ሬንጅ ተጣብቆ ማቃጠሉን ስለሚቀጥል፣ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ማብረድ እንጂ እየጎተቱ መላጥ አይገባም፤ እጅን ወይም ጣትን ዙሪያውን ከያዘ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ደም እንዳይዘዋወር ሊያንቅ ይችላል፤ ይህን ሰንጥቆ ማላላት የሐኪም ሥራ ነው። ከአስፋልቱ በፊት በጠጠሩ ላይ የሚረጨው፣ ኤም ሲ 30 የሚባለው በነጭ ጋዝ የቀጠነ ሬንጅ እሳት ፈጥኖ ይይዘዋል። አሮጌ ንጣፍ ሲፋቅ የሚነሣው የሲሊካ አቧራም፣ የመኪናዎቹ የናፍጣ ጢስም፣ ከጎን እየከነፈ የሚያልፈው ተሽከርካሪም እዚያው አሉ። ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩባቸው በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋው ፀሐይ ራሱ ገዳይ ስለሆነ፣ መንግሥታቱ በቀትር ሰዓት የሜዳ ሥራን በሕግ ከልክለዋል።

መከላከያው ከምንጩ ሲጀመር ይሻላል። ሬንጁን በአረፋ፣ በሰም ወይም በሌላ ቅመም አለስልሶ ግለቱን ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ዝቅ የሚያደርገው ዘዴ ነዳጅም ጢስም ይቆጥባል። በአሜሪካ መንግሥትና የመኪና ሠሪዎች ተስማምተው፣ ከሐምሌ 1997 በኋላ የተሠሩ ትላልቅ የአስፋልት ማንጠፊያ መኪናዎች ጢሱን ከነጂው አርቆ የሚስብ መሣሪያ እንዲኖራቸው አድርገዋል፤ የዚያው አገር የሥራ ጤና ተቋም አስቀድሞ በ1977 በማናቸውም የ15 ደቂቃ ጊዜ ከአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ሚሊግራም የበለጠ ጢስ እንዳይኖር መክሮ ነበር። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ በዚህ ተርታ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ተራው የጨርቅ መሸፈኛ ደግሞ የሬንጅን ተን ከቶ አያግድም።

በኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በዚህ ሥራ ያለፈው ሰው ብዙ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. አሠሪው ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ እንዲሰጥና በአደገኛ ሥራ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ችግሩ ከዘመኑ ርዝመት ይመጣል፤ የሳንባ ሕመም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲገለጥ፣ የቀን ሠራተኛው በዚያ መካከል ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው ስንት ጊዜ ተዘዋውሮ፣ የሠራበት ጣቢያም ተነቅሎ ሄዷል። ከላይ የተጠቀሰው የስምንቱ አገሮች ጥናት ሊደረግ የቻለው ኩባንያዎቹ ማን፣ መቼ፣ በምን ሥራ ላይ እንደዋለ የሚናገር የደመወዝ መዝገብ አኑረው ስለነበር ነው፤ በእኛም ዘንድ የሠራተኛው ስም፣ የቆመበት የሥራ ቦታና የድብልቁ ግለት በአንድ መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ የሚጠይቀው ወጪ የጸሐፊውን ቀለም ያህል ነው።