የሰንበቴን አፈር በእጅ ማወቅ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት አጣዬን አልፎ ሰንበቴ ሲገባ፣ በስተምዕራብ የደጋው ተራራ ይታያል፤ በስተምሥራቅ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ክረምት በገባ ቁጥር ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፈርና ድንጋይ ጠርጎ ይመጣል። ተዳፋቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር ግን ጉልበቱ ይደክማል። መጀመሪያ ከባዱን፣ ጠጠሩንና አሸዋውን ይጥላል። ደለሉን ራቅ አድርጎ ያስቀምጣል። እጅግ ደቃቁን ደግሞ ውሃው ተኝቶ እስኪረጋ ድረስ ይዞት ይሄዳል፤ በከሚሴ ዙሪያ ቦርከና የሚተኛበት የጨፋ ረግረግ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። በዚህ የተነሳ የአንድ ገበሬ ሁለት ማሳዎች በጥቂት ደቂቃ መንገድ ተራርቀው ሳሉ አፈራቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው የቅንጣቶቹ መጠን ነው። ከ2 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቅንጣት አሸዋ ይባላል፤ ከ0.05 እስከ 0.002 ያለው ደለል ነው፤ ከዚያ ያነሰው ሸክላ ነው። ማንኛውም የእርሻ አፈር የሦስቱ ድብልቅ ነው። ሸክላው የበዛበትን ጥቁር አፈር በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ እንለዋለን። የዋልካ ሸክላ በጣም ስስ ከሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ነው፤ ውሃ በንብርብሮቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይኮማተራል። በበጋ መሬቱ የሚሰነጠቀው፣ በዋልካ ላይ ያለ በቂ መሠረት የተሠራ ቤትም ግድግዳው የሚተረተረው ለዚህ ነው።

ቀለም ብቻውን አያስተማምንም። አፈር በብስባሽ ብዛትም ሊጠቁር ይችላል፤ ብዙ ሸክላ ያለው ቀይ አፈርም አለ። እውነቱን የሚናገረው እጅ ነው።

ከማሳው መሐል ገለባውን ገፍታችሁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ አንድ እፍኝ አፈር ውሰዱ። ጠጠሩንና ሥራሥሩን ልቀሙ። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ የደረቀ የዋልካ ጓል ፈርሶ ሳያልቅ ሲዳሰስ አሸዋ ይመስላል። ሁለት ደቂቃ ያህል ከታሸ በኋላ አድቦልቡሉት። ድቡልቡል መሆን እምቢ ብሎ የሚበተን ከሆነ አሸዋ ነው። ከያዘ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየጨመቃችሁ ጥብጣብ አውጡለት። ጥብጣቡ 2.5 ሳንቲሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ ሸክላው ጥቂት ነው። ከ2.5 እስከ 5 ሳንቲሜትር ከሄደ መካከለኛ ነው። ከ5 አልፎም ካልተበጠሰ ከባድ ሸክላ አፈር ይዛችኋል።

ቀጥሎ ቁራሽ ቆርሳችሁ በመዳፋችሁ ላይ በውሃ በጥብጡትና በጣት ዳስሱት። ከሻከረ አሸዋ በዝቶበታል። እንደ ዱቄት ከለሰለሰና ካልተጣበቀ ደለል ነው። ለስላሳም ተጣባቂም ከሆነ ሸክላው አመዝኗል።

መጠኑን በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ይበቃዋል። ሲሶውን የተፈጨ አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉት፤ ቅንጣቶቹ እንዲላቀቁ ትንሽ የልብስ ሳሙና ዱቄት ጨምሩ። ክደኑና በደንብ ናጡት፤ ከዚያ አስቀምጡት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተቀመጠው አሸዋ ነውና ምልክት አድርጉበት። እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ የሚጨመረው ደለል ነው። ሸክላው ለመርጋት አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዝቃጩ በጠቅላላ 10 ሳንቲሜትር ሆኖ አሸዋው 2፣ ደለሉ 3፣ ሸክላው 5 ከሆነ፣ አፈሩ 50 በመቶ ያህል ሸክላ አለው፤ ከባድ ሸክላ አፈር ነው። 4፣ 4 እና 2 ከሆነ ብዙ ሰብል የሚስማማበት የተመጣጠነ አፈር ነው። ዘዴው ግምት ነው፤ ላቦራቶሪም ግን የሚሠራው ትልቁ ቅንጣት ቀድሞ ይወርዳል በሚለው በዚሁ ሕግ ነው። ሳይንቲስቱ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 እንዳሳየው፣ በስፋት 10 እጥፍ የሚያንስ ቅንጣት በውሃ ውስጥ 100 እጥፍ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጎርፉም በሰንበቴ ሜዳ ላይ አፈሩን ያበጠረው በዚህ ልዩነት ነው።

ይህን ማወቅ ሥራውን ሁሉ ይነካል። አሸዋማ አፈር በሰዓት ከ30 ሚሊሜትር በላይ ውሃ ሊያስገባ ይችላል፤ ሸክላ ግን ከ1 እስከ 5 ብቻ። ደረቅ ዋልካ የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ይጠጣል፤ ካበጠ በኋላ ስንጥቁ ይደፈንና ውሃው ከላይ ይተኛል። ስለዚህ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው በአሸዋማው ማሳ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ቶሎ ቶሎ ያጠጣል፤ በዋልካው ደግሞ በዝግታ፣ ቀናት እያሳለፈ። ዩሪያም እንዲሁ ነው፦ ከአሸዋ ላይ ውሃ ይዞት ወደ ታች ይሰርጋል፤ ውሃ በተኛበት ዋልካ ላይ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይባክናል። በሁለቱም ከፋፍሎ መጨመር ይሻላል፤ ለዋልካው ግን ማንጣፈፉ ይቅደም።

ዋልካ ሲደርቅ ማረሻ ይመልሳል፣ ሲርስ በሬውን ያሰምጣል፤ የሚታረስባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ጤፍ የተኛ ውሃ ይችላል፤ ማሾ ግን ሥሩ ይታፈንበታል፣ የሚንጣፈፍ መሬት ይሻል። ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ ዋልካው ባስቀረው እርጥበት ይበቅላል። በወሎ የታወቀው የማሽላ ሽልሻሎ፣ ማለትም በቡቃያው መሐል ማረስ፣ የተደፈነውን መሬት ከፍቶ ውሃ ያሰርጋል።

በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ ጥቁር ሸክላ አፈር የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ከገበሬው ሞፈርና ማረሻ ተነስቶ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ ማረሻ አዘጋጀ፤ ቢቢኤም ይባላል። ዘሩ ከፍ ባለው መደብ ላይ ይሆናል፣ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወጣል።

የአፈርን ቅንጣት ማዳበሪያ አይለውጠውም። ኮምፖስትና የበሰበሰ ፍግ አሸዋውን እርጥበት እንዲይዝ፣ ዋልካውን እንዲላላ ይረዱታል፤ አሸዋው ግን አሸዋ፣ ሸክላውም ሸክላ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ከአፈሩ ጋር መስማማት ያለበት አራሹ ነው። ከጎረቤት ማሳ ወይም ከቀለሙ ተነስቶ ዘርና ማዳበሪያ መወሰን ድካምን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። የበልግ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱን ማሳ ለብቻው በእጅ አሽቶና በጠርሙስ አርግቶ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ወጣቶችም ከአባቶቻቸው ጋር ሆነው ይሞክሩት፤ አባቶች በልማድ የለዩትን መሬት ልጆች በቁጥር ያረጋግጡታል።