የጠፋችው ፍየልና የተገኘው ብራና

ከብት የጠበቀ ሰው ይህን ያውቃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንጋው ይቆጠራል። አንድ የጎደለ እንደሆነ እረኛው ቤቱ አይገባም። ጅብ ሳይቀድመው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ጉድባውን ያያል፣ ቁጥቋጦውን ይፈትሻል፣ ይጣራል።

በ1939 ዓ.ም. አንድ የሩቅ አገር እረኛ እንዲህ ያለ ቀን ገጠመው። አገሩ ፍልስጤም ነው፤ ያን ጊዜ እንግሊዞች ያስተዳድሩት ነበር። ቦታው ሙት ባሕር ዳር፣ ቁምራን በሚባል ገደላማ ስፍራ ነው። ሙት ባሕር ከባሕር ጠለል በታች 430 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በምድር ላይ ከየብስ ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ነው። የእኛ የዳናክል ረባዳ እንኳ ዝቅታው ከ100 ሜትር ብዙም አያልፍም። አገሩ ደረቅ ነው፣ ዝናብም እምብዛም አይጥለው። ይህ ድርቀት በኋላ ትልቅ ነገር ሆኖ ይመጣልና አንባቢ ልብ ይበል።

እረኛው መሐመድ ኤድ ዲብ ይባላል። «ኤድ ዲብ» ተኩላው ማለት ነው። ተኩላ የሚባል ፍየል ጠባቂ!

የዚያን ቀን ነገር ሰዎች ሲያወሩት በዝርዝሩ ላይ አይስማሙም። አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ግን እንዲህ ነው። አንዲት ፍየል ከመንጋው ተለየች። መሐመድ እሷን ፍለጋ ገደሉን ሲወጣ ሲወርድ በአለቱ ላይ አንድ ጠባብ ቀዳዳ አየ። ፍየሏ ገብታ እንደሆነ ብሎ ድንጋይ ወረወረ። የፍየል ድምፅ አልሰማም። የሰማው ገል ሲሰበር ነው።

ኋላ ወደ ዋሻው ሲገባ ክዳን ያላቸው ረጃጅም የሸክላ ማሰሮዎች ተደርድረው ተገኙ። በውስጣቸው ወርቅ አልነበረም። የነበረው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ብራና ነው፤ ጽሕፈት ያለበት።

ታዲያ ማን ያንብበው? እረኞቹ አላነበቡትም። ብራናው በድንኳን ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ሰነበተ ይባላል። ከዚያ ቤተ ልሔም ከተማ ወሰዱት። እዚያ ያገኙት ነጋዴ ጫማ የሚሠራና አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር። እሱም ፊደሉን አላወቀውም። የሶርያ ፊደል መስሎት ወደ አንድ የሶርያ ኦርቶዶክስ ጳጳስ ወሰደው። ጳጳሱ ዕብራይስጥ መሆኑን ተገነዘቡና አራት ጥቅል በ24 ፓውንድ ገዙ። እረኞቹ ዘንድ የደረሰው ከዚያም ላይ ከፊሉ ብቻ ነው። ሌሎቹን ሦስት ጥቅሎች በኢየሩሳሌም የሚኖር ሱከኒክ የሚባል የአርኪዮሎጂ መምህር ገዛ።

እነዚያው አራት ጥቅሎች በፈረንጆች 1954 አሜሪካ ውስጥ በጋዜጣ ማስታወቂያ ለሽያጭ ቀረቡ። ማስታወቂያው የወጣው «ልዩ ልዩ የሚሸጡ ዕቃዎች» በሚባለው ዓምድ ነው። የተሸጡት በ250,000 ዶላር ነው። በ24 ፓውንድና በ250,000 ዶላር መካከል ያለውን ርቀት አንባቢ ያስላው። ብራናው ያው ብራና ነው፤ የጨመረ ነገር ቢኖር የሚያነበው ሰው ብቻ ነው።

ከጥቅሎቹ አንዱ ትንቢተ ኢሳይያስ ነበር። ርዝመቱ ከ7 ሜትር ይበልጣል። ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ይታወቁ ከነበሩት ሙሉ የዕብራይስጥ መጻሕፍት አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ብራና ርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ሰው ሳይጠብቀው የዚያን ምድር ድርቀት ጠበቀው።

ይህን ታሪክ በክፍላችን ስናነብ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ ፍየሏስ ተገኘች ወይ?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን ጥያቄው የባለ ከብት ጥያቄ ነው እንላለን። ስለ ብራናው የተጻፈው መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፤ ስለ ፍየሏ የሚጻፈው ከአንድ መስመር አያልፍም።

ወሬው ሲሰማ ዘላኖቹም ምሁራኑም ገደሉን ያስሱ ጀመር። እስከ 1956 ድረስ 11 ዋሻዎች ተገኙ። የብዙ መቶ መጻሕፍት ቁርጥራጭ ወጣ፤ አንዳንዱ ከጥፍር አይበልጥም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ አገር የሚመጣው።

በ1952 በተገኘው በአራተኛው ዋሻ ውስጥ በአራማይክ ቋንቋ የተጻፉ የመጽሐፈ ሄኖክ ቁርጥራጮች ነበሩ። በዕብራይስጥ የተጻፈ የመጽሐፈ ኩፋሌ ቁርጥራጭም በዋሻዎቹ ተገኝቷል። እነዚህ ሁለት መጻሕፍት በሌላው ዓለም ሙሉ ሆነው አልቆዩም። ከፊላቸው በግሪክ፣ ከፊላቸው በላቲን ቀርቶ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቆዩት በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1769 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ ያየው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ምሁራኑ የቁምራኑን ቁርጥራጭ ሲገጣጥሙ የግዕዙን መጽሐፍ ከጎን መዘርጋት ነበረባቸው። ይህች ቃል የየትኛው ምዕራፍ ናት? ይህች መስመር ከየትኛው ትቀጥላለች? ግዕዙ ይነግራቸዋል። ሚሊክ የሚባል ምሁር የሄኖክን ቁርጥራጮች በ1976 በመጽሐፍ አወጣ። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ግን በዋሻዎቹ ውስጥ ምንም አልተገኘም። እሱን ዛሬም የሚያነብ ሰው የሚያነበው ከግዕዝ ነው፤ ወይም ከግዕዝ ከተተረጎመው። በየገዳሙ ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር የገለበጡት ሰዎች የብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልታወቀም።

ፍለጋው አላበቃም። በ2021 ከሙት ባሕር በስተምዕራብ ካለ ሌላ ዋሻ የዘካርያስና የናሆም ትንቢት ቁርጥራጮች መገኘታቸው ተነገረ። ቋንቋቸው ግሪክ ነው። ወደዚያ ዋሻ በእግር አይኬድም፤ ፈላጊዎቹ የገቡት ከገደሉ አናት በገመድ ተንጠልጥለው ወርደው ነው።