የፓንክረስት ቤተሰብ የመጻሕፍትና የቅርስ ውለታ፤ መታሰቢያው በጉባኤያችን እንዴት ይሁን?

በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ለኢጣልያ ወረራ ዘመን አርበኞች በተለየው የመቃብር ስፍራ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር ይገኛል። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ያረፉት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። በቀብራቸው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል፤ «ወለተ ክርስቶስ» የሚል ስምም ተሰጥቷቸዋል። ከ56 ዓመታት በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ያረፉት ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በዚያው ካቴድራል ተቀብረዋል። ወደ ካቴድራሉ ለጸሎትና ለጉባኤ የሚመጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ስለ እነዚህ ሰዎች ማንነት ስንጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «አንድ የውጭ ሀገር ሰው» የሚል ነው።

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1882 በማንቸስተር ተወለዱ። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ ስመ ጥር ሴት ናቸው፤ ልጅቱም በዚሁ ትግል ደጋግመው ታስረዋል። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባ በገባበት በ1928 ዓ.ም. «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረቱ። ብዙዎቹ የአውሮፓ መንግሥታት ወረራውን እንዳለቀ ጉዳይ በተቀበሉበት ወቅት ጋዜጣው የኢትዮጵያን ስም በየሳምንቱ ያነሣ ነበር። ከ20 ዓመት ኅትመት በኋላም ከልጃቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት እስከ ዕለተ ሞታቸው አዘጋጁ። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ ኢትዮጵያ ባህል ታሪክ ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ የግእዙን ሥነ ጽሑፍ፣ የብራናውን ሥዕልና የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለውጭው አንባቢ አስተዋውቀዋል።

ልጅየው ፕሮፌሰር ሪቻርድ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሪታ ደግሞ አስቀድመው በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት አገልግለዋል። የሁለቱ ልጆች፣ ዶክተር አሉላና ዶክተር ሄለንም፣ ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ሕይወት ጥናት ያሳተሙ ናቸው። አንድ ቤተሰብ ለሦስት ትውልድ ብዕሩን ወደ አንዲት ሀገር ሲመልስ እምብዛም አይታይም።

ይህን የምንጽፈው ስለ ቤተሰቡ እምነት ለመናገር አይደለም፤ ያ የእግዚአብሔርና የእነርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንን በቀጥታ የሚነካውን ሥራቸውን ለማሳየት ነው። እርሱም የመቅደላ ጉዳይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍትን ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ዘረፋውን ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተመዝግቧል። በደላንታ ሜዳ በተደረገው ጨረታ ከገዙት አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ወደ 350 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍትም ሙዚየሙ ገቡ። መስቀሉ፣ ጽዋው፣ አክሊሉና ታቦታቱ ደግሞ በየቦታው ተበተኑ።

ወይዘሮ ሪታ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት የዚህን ቤተ መጻሕፍት ታሪክ የሚመለከት ነው፤ እንዴት እንደ ተሰበሰበና እንዴት እንደ ተበተነ። ለብዙዎቻችን ደረቅ የባለሙያ ጽሑፍ ሊመስለን ይችላል። ሆኖም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለእንግሊዝ የጻፉትን ደብዳቤ ብናስታውስ ጥቅሙ ይገባናል። ንጉሡ የጠየቁት በደፈናው «ንብረታችንን መልሱ» ብለው አልነበረም፤ ሁለት ነገሮችን በስም ለይተው ነው፤ ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታችንን ሥዕል። ሙዚየሙ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ስለነበሩት አንዱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን «አልተገኘም» ተባለ፤ በዚያን ጊዜ በራሱ በሆምስ እጅ ነበር። ስሙ የታወቀና የተመዘገበ ቅርስ ቢያንስ ይጠየቃል። ያልተመዘገበው ግን መጥፋቱ ራሱ አይታወቅም።

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ምሁራን ጋር በመሆን ለመቅደላ ቅርሶች መመለስ ለዓመታት ተሟግተዋል። የአክሱም ሐውልትም ከሚሟገቱላቸው አንዱ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልት በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ስምምነት በ18 ወራት ውስጥ እንዲመለስ ተወስኖ ሳለ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ዳግመኛ ተተክሎ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ከኤድንብራ የተመለሰው የመቅደላ ታቦት አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ እንደ ተቀበለው በሥፍራው የነበሩ ሁሉ ያስታውሳሉ። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ግን ለማንም ሳይታዩ በመጋዘን ተቀምጠዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ቤተሰብ በምን እንዘክር? በየመታሰቢያ ጉባኤው የለመድነውን እናውቀዋለን፤ መድረክ፣ አበባ፣ ረጅም ንግግር፣ የቡድን ፎቶግራፍ፣ ሻይ። ይህን ለማቃለል አይደለም፤ ሰው ተሰብስቦ የሞተን ማመስገኑ መልካም ነው፤ የቡና ሰዓቱም ሽማግሌዎች የሚያውቁትን የሚያወጡበት ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ራሱ ያሳየን ሌላ መንገድ አለ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወዳጆች ማኅበር ሕዝባዊ ገለጻዎችንና ባዛሮችን እያዘጋጀ ገንዘብ ይሰበስብ፣ በዚያም ከሀገር ሊወጡ የነበሩ መስቀሎችን፣ ሥዕላትንና መጻሕፍትን እየገዛ ለተቋሙ ያስቀር ነበር። ጉባኤው ሲበተን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ይቀር ነበር ማለት ነው።

እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን ያየነው ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል። በምንማርበት ደብር ከዕቃ ቤት አንድ የብራና ድርሳን ጠፋ። ካህናቱ ለፖሊስ ለማመልከት ሲሄዱ ስንት ቅጠል እንደ ነበረው፣ ሥዕል ይኑረው አይኑረው፣ ማን እንዳጻፈው ተጠየቁ። አረጋዊው መምህራችን በውስጡ ያለውን ንባብ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ የመጽሐፉን መልክ ግን ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም። ማመልከቻው «አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ» ከማለት ሊያልፍ አልቻለም። መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ዛሬ በአንድ የጨረታ መጽሔት ላይ ሥዕሉ ቢወጣ እንኳ የእኛ መሆኑን የምናስረዳበት ማስረጃ የለንም።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የሰበካ ጉባኤያት የፓንክረስትን ቤተሰብ ለመዘከር ጉባኤ ቢያዘጋጁ፣ ከንግግሩ ጎን አንድ ቀን ለምዝገባ እንዲመድቡ አሳባችንን እናቀርባለን። መስከረም 17 በዓል ስለሆነ ለሥራው አይመችም፤ የካቲት 9 ግን ጾም በማይገባበት ዓመት የሚመች ነው። በጾምም ቢሆን ከቅዳሴ በፊት ያለው ሰዓት አለ። ጠዋት በቅድስት ሥላሴ መቃብራቸውን መጎብኘት፣ በሩቅ ያሉ አጥቢያዎች ደግሞ ስለ ቤተሰቡ ሥራ አንድ ሰዓት ማንበብና መወያየት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ራሳቸው ዕቃ ቤት ይመለሱ።

ሥራው በአለቃው ፈቃድ፣ በቄሰ ገበዙ መሪነት ይሁን። ታቦትና ንዋየ ቅድሳት የሚነኩት ካህናቱ ብቻ ናቸው፤ ወጣቶቹ ይጽፋሉ እንጂ አያነሡም። ታቦት በምንም መንገድ ፎቶግራፍ አይነሣም። ለእያንዳንዱ የብራና መጽሐፍ የሚጻፈው ቀላል ነገር ነው፤ የመጽሐፉ ስም፣ በሳንቲ ሜትር ቁመቱና ወርዱ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ጽሕፈቱ በስንት ዓምድ እንደ ሆነ፣ የገበታው እንጨት ደኅና ይሁን የተሰበረ፣ ማኅደር ያለው ወይም የሌለው፣ ሥዕላቱ ስንት እንደ ሆኑና ማንን እንደሚያሳዩ። በተለይ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቅጠል ላይ የሚገኘው የጸሐፊው፣ የአጻፊውና የሰጪው ስም ፊደሉ ሳይለወጥ ይገልበጥ፤ መጽሐፍ የማን እንደ ሆነ ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው እርሱ ነው። ሌቦችም ይህን ስለሚያውቁ አስቀድመው የሚፍቁት ይህንኑ ነው። ብራና ሲገለጥ እጅ የታጠበና የደረቀ ይሁን፤ የዕጣንና የሰም ቅሪት ያለበት ጣት ቀለሙን ያበላሻል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት በርኖሱን፣ መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም የብራናውን እንዲያመጣለት አሳስቦታል። ሞቱ በቀረበበት ሰዓት ስለ ብራና ማሰቡ ሁልጊዜ ያስደንቀናል።

መዝገቡ ሲያልቅ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በወረዳው ቤተ ክህነት፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ፤ በየገጹም ማኅተም ይረፍበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ የአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም እንዲያውቀው ማድረግ ይገባል። የመጽሐፉ ዝርዝር ግን በማኅበራዊ መገናኛ ገጽ እንዳይለጠፍ አደራ እንላለን፤ ምን የት እንዳለ ለማወቅ የሚፈልጉት ምእመናን ብቻ አይደሉም።