ቴስተሩ ዜሮ ሲል

ኩታበር ውስጥ የዲሽ ጥገና ሥራ የሚበዛው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዝናቡና በረዶው ኤልኤንቢው (የዲሹ ሞገድ ተቀባይ) ጋ ያለውን የኬብል መጋጠሚያ ያበላሸዋል፤ ደንበኛው ግን «ግማሹ ቻናል ጠፋ፣ ሪሲቨሩ ተቃጥሎ ነው መሰለኝ» እያለ ነው የሚመጣው። ጣሪያ ላይ ወጥቼ መጋጠሚያውን ስፈታው የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ላይ ይልካል፤ ኤልኤንቢው ቋሚውን ሞገድ ከአግዳሚው የሚለየው በዚህ ነው። የዛገው መጋጠሚያ 30 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረውና ኤልኤንቢው 100 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ 3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 18ቱ 15 ሆኖ ይደርሳል። 15 ደግሞ ለኤልኤንቢው 13ም አይደለም፣ 18ም አይደለም።

ውሎዬ እንግዲህ ከሬዚስታንስ ጋር ነው። ማይክሮዌቭ ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ ድራሹ የሚጠፋ ነገር እንዳለ ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው። የዚያ ነገር የቅርብ ዘመድ በየቤቱ ጣሪያ ላይ መኖሩ ደግሞ የባሰ ገረመኝ፤ ወደ ናይልሳት በምዕራብ ባዘቀዘቀውም፣ ወደ ኢትዮሳት በምሥራቅ ቀና ባለውም ዲሽ ላይ አለ።

36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የደከመውን ሞገድ ኤልኤንቢው ውስጥ መጀመሪያ የሚቀበለው ሄምት የሚባለው ትራንዚስተር ነው። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው የጃፓኑ ፉጂትሱ ኩባንያ ባለሙያ ታካሺ ሚሙራ ነው። አሠራሩ ረቂቅ ነው። ጋሊየም አርሰናይድ ላይ አልሙኒየም የተቀላቀለበት ሌላ ንጣፍ ይደረብና ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱ ድንበር ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ በኋላ በቁመትና በወርድ እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች መሄጃ የላቸውም። ኤሌክትሮን እንዲሰጡ ሆን ተብለው የሚጨመሩት ባዕድ አተሞች ከላይኛው ንጣፍ ስለሚቀሩ የሚያደናቅፋቸው ጥቂት ነው። ኤልኤንቢው ሞገዱን ያለብዙ ጫጫታ የሚያጎላው በዚህ ምክንያት ነው።

ራመሽ ማኒና ባልደረቦቹ በ2002 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍም ስለዚሁ ዓይነት ንጣፍ ነው፤ የእነሱ ግን እጅግ የጠራ ነበር። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የ1985 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ክላውስ ፎን ክሊትዚንግ ነው። ንጣፉን ከፍጹም ዜሮ 1 ዲግሪ ገደማ ከፍ እስኪል አቀዘቀዙት፤ ማግኔት አደረጉበት፤ ማይክሮዌቭም ለቀቁበት። እኛ ዲሽ ላይ የምንቀበለው ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ነው፤ እነሱ ከ100 በላይም ደርሰዋል። ማግኔቱ 0.2 ቴስላ ገደማ ቢሆን ነው፤ ስፒከር ውስጥ ካለው አይበልጥም። ሞገዱ ሲበራ ሬዚስታንሱ ወርዶ ወርዶ ሊለካ የማይችል ሆነ። በማግስቱ ዓመት እነ ዙዶቭና ዱ በሌላ ናሙና ያንኑ አዩ።

እንደ እኔ ካውያ ይዞ ለሚውል ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሞገድ ያሞቃል፣ ሙቀት ሬዚስታንስ ይጨምራል ብለን ነው የምናውቀው።

ሚስጥሩ ዙሩ ላይ ነው። ማግኔት ያለበት ኤሌክትሮን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ይዞራል። የሞገዱ ምት ከዙሩ ምት 1 ከሩብ ወይም 2 ከሩብ እጥፍ ሲሆን፣ ሞገዱን የወሰደ ኤሌክትሮን ሲጋጭ ባትሪው ከሚገፋው በተቃራኒ ይዘላል። የመንስኤው ማብራሪያ ይህ ብቻ አይደለም፤ ሞገዱ የኤሌክትሮኖቹን የጉልበት ድልድል ይቀይራል የሚለውም ጠንካራ ነው። በሁለቱም ስሌት ሞገዱ ሲበረታ ሬዚስታንሱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንድሬቭ፣ አሌይነርና ሚሊስ በ2003 እንዳሳዩት ግን ከዜሮ በታች ያለ ሬዚስታንስ ጸንቶ አይቆምም፤ ንጣፉ ለሁለት ይከፈልና ከረንቱ በአንዱ ወገን ወዲህ፣ በሌላው ወዲያ ይሄዳል። መለኪያው ዜሮ የሚለው ያኔ ነው። እኔን የማረከኝ ይሄ ማብራሪያ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ያ ዜሮ ከበስተጀርባው ሁለት ብርቱ ከረንቶች ያሉበት ቁጥር ነው።

ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ቴስተር እንደያዙ «ጋሼ፣ ዜሮ ነው!» ይላሉ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አነካኩና ምን እንደሚል ንገሩኝ እላቸዋለሁ። 0.3 ይላል፤ ገመዱ ራሱ ነው የተለካው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለዚህ ነው አራት ገመድ የሚያስፈልገው፤ በሁለቱ ከረንት ይልካሉ፣ በሌሎቹ ሁለት ቮልቴጅ ያነባሉ።

የንጣፉን ዜሮ ስነግራቸው አንዱ ልጅ «እንግዲያው ባትሪ ሳያልቅ መብራት ይበራላ!» ብሎኝ ነበር። አይበራም። ዜሮው የተገኘው በቁመት ሲለካ ነው፤ በዚያው ንጣፍ ላይ በወርድ ብትለካ ቮልቴጁ ማይክሮዌቭ የሚባል እንዳልነካው ሁሉ ከማግኔቱ ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ባትሪውን በሁለቱ ዳርና ዳር ብታገናኘው ይሄንን የወርድ ቮልቴጅ መሸከም አለበት፤ እንደ ወትሮው ያልቃል።